መምህር ጥላዬና የገብሱ ክምር

መምህር ጥላዬ ማረፋቸውን የነገረችኝ ከእነዋሪ ስንዴ እያመጣች ደብረ ብርሃን የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ጆንያዋን ከአህያው ላይ እያወረደች፣ «እማማ፣ ያ ሽማግሌ አስተማሪ ሞቱ እኮ። ምንም ሰው አልነበራቸውም፤ የእህታቸው ልጅ ናት ያስቀበረቻቸው» አለችኝና ወዲያው ስለ መንገዱ ጭቃ ማማረር ጀመረች። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኋትም። እነዋሪ ውስጥ በማስተማር ያረጀ ሰው ሞልቷል፤ ሰው ያልነበረው ግን አንድ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ያላለፍኩት ሰንፌ አይደለም፤ ምክንያቱን እዚሁ ታገኙታላችሁ። የልጅ ልጆቼ «አንቺ ንገሪን፣ እኛ እንጽፍልሻለን» ብለውኝ ነበር። እነሱ ሲጽፉ ያሳጥሩታል፤ ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ የሃምሳዎቹ ማለቂያ ላይ። አንኮበር ላይ ትምህርት ቤታችን ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ጉም በመስኮት ገብቶ ሰሌዳውን ይሸፍነዋል። ሌሎቹ አስተማሪዎች «መስኮት ዝጉ!» እያሉ ይጮሃሉ። መምህር ጥላዬ ግን ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና፣ «እንግዳ መጣ፤ ጠጋ በሉለት» ይሉናል። የፊት ወንበር ላይ ያለነው እውነትም ጠጋ ጠጋ እንል ነበር።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ጠመኔውን ለሁለት ይሰብሩና አንዱን ግማሽ ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል፤ እዚያው ረስተውት ቤታቸው ይገባሉ። ሁልጊዜ ቅርንፉድ ያኝኩ ነበር። ጥርሳቸውን የሚያማቸው መስሎን እናዝንላቸዋለን። የእነዋሪ ሰው ስለነበሩ አንኮበር ላይ ዘመድ አልነበራቸውም፤ እሑድ እሑድ ለብቻቸው ወደ አፋፉ ሲሄዱና ለብቻቸው ሲመለሱ ነው የምናያቸው። አንዳችን መልስ ጀምረን ፈርተን ስናቋርጥ፣ «ጨርሺው እንጂ፤ ግማሽ ነገር ለማን ይሆናል?» ይላሉ። ይህን ለእኔ ብዙ ጊዜ ብለውኛል። እኔ ግን ፈርቼ አይደለም የማቋርጠው፤ ሌላው ልጅ በመሃል ሲገባብኝ ተናድጄ ነው።

በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ክፍሉ በሙሉ ይንበረከካል። አንዱ የአንዱን ስም እስኪያወጣ ድረስ ጠጠር ላይ ነን። መምህር ጥላዬ ይህን አይወዱም። «የሰው ስም ይዞ የሚመጣብኝ ተማሪ አልፈልግም። የራሱን ስም ከሆነ ይዞ ይምጣ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ የውሃ እንስራ ተሰብሮ ተገኘ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው፣ «አንበርክካቸው፤ ያወጡታል» አሉና ሄዱ። መምህር ጥላዬ በሩን ዘጉ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ነገር ጻፉና አነበቡልን።

«ፌስ አፕ።»

ክፍሉ ፈነዳ። ይህ ለአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል እኔ መናገር የለብኝም። አንዳንዱ ከወንበር ወደቀ።

«ሳቁ፤ ሳቁና ጨርሱ» አሉ እጃቸውን አጣጥፈው። «እንዲያውም የሳቃችሁበትን እናንሳው። ክፍል ውስጥ አንዱ ሲለቀው ምን ታደርጋላችሁ?»

«አፍንጫችንን እንይዛለን!»

«ከዚያስ?»

«አጠገባችን ያለውን እናያለን!» አለ ንጉሤ የሚባለው ልጅ።

«የለቀቀውስ ምን ያደርጋል?»

«እሱማ ከሁሉም ብሶ ነው አጠገቡ ያለውን የሚያየው፣ ጋሼ!»

«ይኸውላችሁ፤ ቃሉ የሚፈልገው እሱን ሰውዬ ነው» አሉ። ከዚያ ቃሉን ፈቱልን። ሙሉው ቃል ኮንፌስ ይባላል፤ የመጣው ከላቲን ነው፤ ላቲን ለፈረንጆች እንደ ግእዝ ነው፤ ሥሩ መናገር ማለት ነው፣ ሳያስቀሩ ገልጦ መናገር። ዳኛ ፊትና ቄስ ፊት ቆሞ ጥፋትን ለመናገር የሚባለው እሱ ነው። ተራው የአሜሪካ ሰው ግን በአፉ ሲያመላልሰው ራሱን ቆርጦ ፌስ አደረገው፤ ኋላ ደግሞ ወደ ላይ የሚል ቃል ጨመረበት። ይህን የነገራቸው ደብረ ብርሃን አብሯቸው ያስተማረ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። «ፈተና ላይ እንዳትጽፉት፤ የመንገድ ቃል ነው ብሎኛል» አሉን።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ታዲያ ማመን ማለት አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ማሚቴ፣ ጭቃ ሹሙ ገርፎት የተናገረውን ሰው ምን ትይዋለሽ?»

«አመነ እላለሁ።»

«ማንም ሳይነካው ተነስቶ የተናገረውንስ?»

አሰብኩ። «እሱም አመነ ነው።»

«እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው» አሉ። ግፍ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ቤታችን ውስጥ ግፍ የምትል እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ንጉሤ ተነሳና፣ «እኔ ነኝ» አለ። ክፍሉ እንደገና ሲፈነዳ ጊዜ ጆሮው ቀልቶ፣ «እንስራውን! እንስራውን ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸ።

አልገረፉትም። እንስራውን ወደሠራችው ወደ እትዬ አስካለ ሄዶ በአፉ እንዲነግራትና ቅዳሜ ቅዳሜ የሸክላ አፈር እንዲሸከምላት አዘዙት። እትዬ አስካለ ከመንደሩ ታች ለብቻዋ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገሩ በሙሉ በእሷ ምጣድ ይጋግራል፣ በእሷ እንስራ ይጠጣል፣ ከኋላዋ ደግሞ ቡዳ ናት ይላታል። ልጅ ይዞ በደጇ የሚያልፍ የለም፤ ካለፈም የልጁን ፊት በነጠላ ሸፍኖ ነው። ንጉሤ ሲመለስ፣ «ምን አለችህ?» አልነው። «ስንቱን ሰብራችሁብኛል፤ መጥቶ የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ አለችኝ» አለ።

ይህ በሆነ በዓመቱ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ የግራዝማች አጥናፌ የገብስ ክምር ተቃጠለ። ግራዝማች የአካባቢያችን ባለ ርስት ናቸው፤ ክምሩ ከአፋፉ ራቅ ብሎ አውድማው ዳር ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ ነፋሱም የሚያንገላታ ነበር። ሰው ከያለበት ሲደርስ አመድ ብቻ ነው ያገኘው።

የዛሬ ልጆች አውጫጭኝን አታውቁትም። ያኔ ወንጀል ተሠርቶ የሠራው ሲጠፋ ጭቃ ሹሙ አገሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበስባል፤ የቀረ ይቀጣል። ጥቂት ሽማግሌዎች ይመረጡና ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰው ተራ በተራ እየሄደ፣ ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ማን ምን እንዳለ አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችን» ብቻ ነው የሚባለው። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ውቂያ የለ፣ ገበያ የለ። ካልወጣ ዕዳው የሁሉም ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መምህር ጥላዬም እንደ ነዋሪ ተቆጥረው ሜዳው ላይ ዋሉ። እኔ ለአባቴ ምሳ አመላልስ ስለነበር አየኋቸው። ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ላይ ጠመኔ የለም። ተራቸው ሲደርስ ሄዱ፣ ማሉ፣ ተመለሱ። በማግስቱም እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ሳልፍ፣ «ጋሼ፣ እንጀራ ልስጥዎ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና እኔን እንደማያውቀኝ ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሉ።

ያን ቀን ማታ አባቴን፣ «አንተ ለወፏ ምን አልካት?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ የሚለውን።»

«ሰው ሁሉ ምን አለ?»

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ አፍሽ ባል አያስገኝልሽም» አለና ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ዋናው ሽማግሌ ሸማቸውን አደግድገው፣ «ወፏ ያረፈችው ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው» አሉ። ሜዳው ላይ የተነፈሰው ትንፋሽ ዛሬም ይሰማኛል፤ እፎይታ ነበር። ወቅተን ልናስገባ ነው፣ ዝናብ ሳይቀድመን።

እትዬ አስካለ ከሴቶቹም ተለይታ ለብቻዋ ነበር የተቀመጠችው። ተነሳች። «ወፋችሁ ዕውር ናት ወይ? እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ሸክላ ሳቃጥል ነው የዋልኩት። የጭቃ ሹሙ ሚስት ራሷ ድስት ልትወስድ መጥታ አይታኛለች። ወይዘሮ፣ አልመጣሽም?»

የጭቃ ሹሙ ሚስት መቀነቷን እያጠበቀች መሬት መሬት አየች። ከእሷ ቤት ድስት ወሰድኩ ብሎ በሰው ፊት መናገር የሚያሳፍር ነገር ነበር።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «ሸክላ ስታቃጥይ አልነበረም? እሳቱ ከዚያው ነው የተነሳው!» ሁለት ሰዎች እጇን ሊይዙ ሄዱ።

መምህር ጥላዬ ከድንጋያቸው ተነሱ። «ልቀቋት» አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደማውቀው አልነበረም፤ ቀጠነ። «እሳቱ የእኔ ነው።»

ማንም አልገባውም። ግራዝማች፣ «ምን አልክ አንተ?» አሏቸው።

«እሑድ ከክምርዎ ጀርባ ነፋስ ተከልዬ ክብሪት ጫርኩ። አጥፍቼው የሄድኩ መስሎኝ ነበር።»

«አውድማ ላይ ክብሪት ምን ይሠራልሃል?»

«ትምባሆ ላጨስ» አሉ። ቅርንፉዱ ሽታውን ለመሸፈን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሜዳው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለ መሰለኝ። የዚያን ጊዜ በእኛ አገር ክርስቲያን ትምባሆ አጨሰ ማለት ክምር ከማቃጠል ይብስ ነበር። አንድ ቄስ አማተቡ። «ገብሱስ ይበቅላል» አሉ፤ «በዚህ አፍ ነው ልጆቻችን የሚማሩት?»

«ለወፏስ ምን ነገርካት?» አሉ ዋናው ሽማግሌ።

«አላውቅም ብዬ ማልኩ። በሐሰት ነው የማልኩት።»

እትዬ አስካለ እጇን አስለቅቃ ወደሳቸው መጣች። የምታመሰግናቸው መስሎኝ ነበር። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየቻቸውና፣ «ትናንትም እኮ አፍ ነበረዎ» አለቻቸው።

«አዎ፣ እትዬ» አሉ።

ግራዝማች ካሳቸውን ከመምህሩ ወሰዱ፤ ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላችኋል። የአገሬ ሰው ግን ወፏ መሳሳቷን አልተቀበለም። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ወሬ ተነሳ፤ ቡዳዋ መምህሩን በልታቸዋለች፤ ጥፋቷን በአፋቸው ያናገረቻቸው እሷ ናት። አንድ ጤነኛ ሰው ማንም ሳይነካው ተነስቶ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ላይ አይናገርም ተባለ። አዝነውላቸው ጸበል ወሰዷቸው። እንዲለፈልፉና የእሷን ስም እንዲጠሩ ነበር የፈለጉት። አባቴ አብሮ ስለነበር ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ውሃው ከፊታቸው ላይ እየወረደ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ «እሳቱ የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ደግመው አፈሰሱባቸው። ደግመው ያንኑ አሉ።

የእትዬ አስካለን ያልደረቁ ሸክላዎች በአንድ ቀን ረገጡባት። መምህር ጥላዬ ደጇ ሄደው ቆመው ነበር፤ አልከፈተችላቸውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ቤቷ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም። ሰው ምጣድ ሲሰበርበት ብቻ ነው ያነሳት።

እኔን አባቴ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ። «ትምባሆ የሚያጨስ፣ ቡዳ የበላው ሰው የእኔን ልጅ አያስተምርም» አለ።

«ከመካከላችሁ እውነት የተናገሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም እንዴ? ምላችሁ የዋሻችሁት እናንተ!» አልኩት። በጥፊ መታኝ። ደግሜ አልኩት። ደገመኝ። ትምህርቴ በዚያው አበቃ።

ከእኔ ሌላም ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ። መምህር ጥላዬ ግማሽ ለሆነ ክፍል አስተማሩ። ቤት ያከራያቸው ሰው ቤቱን ፈለገው፤ ትምህርት ቤቱ ጓዳ ውስጥ ማደር ጀመሩ። በዓል ሲመጣ ማንም አይጠራቸውም። ውሃ ስቀዳ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገባ ለጥቂቶቹ ልጆች «ጠጋ በሉለት» ሲሉ እሰማለሁ፤ ጠጋ ለማለት ግን ወንበሩ ባዶ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተዉም። በየዓመቱ ክምር ሲከመር፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በር ላይ ቆመው፣ «ወገኖቼ፣ እሳቱ የእኔ ነበር። አስካለ አላቃጠለችም። ማንም አልበላኝም» ይላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ሰው ቆሞ ሰማ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ልጆች በጨዋታ ያስመስሏቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰው ሳቁን እንኳ ተወው፤ አጠገባቸው እየተጫወተ ያልፋል። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ለእኔ ብቻ ሲናገሩ እንኳ ለአገር እንደሚናገሩ ሆነው ነበር የሚናገሩት። በኋላ ወደ እነዋሪ ተዛወሩ።

አግብቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ኮታቸው ሳስቷል፤ ቅርንፉዱን ትተዋል፤ ትምባሆውንም ከዚያች እሑድ ወዲህ አልነካሁም አሉኝ። «በመናገርዎ ይጸጸታሉ?» አልኳቸው።

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለተናገርኩበት ቀን ነው» አሉ። «እኔ የማልተኛው ስላልተናገርኩባቸው ቀናት ነው፣ ማሚቴ። በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ወፏ ወደ አስካለ ቤት ባልሄደች። ስሟ አንዴ ከተጠራ በኋላ መናገሬ ለእሷ አልጠቀማትም።» የት እንዳለች ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሰማሁም ነበር። በየገበያው ሸክላ የሚሸጡትን ሴቶች ፊት እያዩ እንደሚዞሩ ነገሩኝና ያን ቀንም ወደዚያው ተራ ሄዱ።

ለአርባቸው እነዋሪ ሄድኩ። የእህታቸው ልጅ ትንሽ ድንኳን ጥላለች፤ ሰው ጥቂት ነው። ከአንኮበር የመጣ ግን አንድ ሰው ነበር፤ ንጉሤ። በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኗል። ተነስቶ ስለሳቸው ተናገረ፣ እንባውም መጣ። «መምህሬ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ» አለ፤ «አንዲት ድሃ ሸክላ ሠሪ ክምር አቃጥላ ልትታሰር ስትል፣ ጥፋቷን በራሳቸው ላይ ወስደው ያዳኗት ሰው ናቸው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ያች ሴት እንደገና ክምር አቃጣይ ሆነች። በደግነታቸው እያመሰገኗቸው አቃጠሏት።

ተነሳሁ። «ውሸት ነው» አልኩ። «አንተ ንጉሤ፣ ሜዳው ላይ አልነበርክም? የማንንም ጥፋት አልወሰዱም። ክምሩን ያቃጠሉት ራሳቸው ናቸው። ትምባሆ ሲያጨሱ ነው ያቃጠሉት። በሐሰትም ምለዋል። አስካለ አላቃጠለችም።»

«ኧረ እማማ፣ በሙት ላይ!» አለኝ አንዱ። ሌላዋ፣ «ምን ነካት ይቺ አሮጊት?» አለች። ንጉሤ ሊያስቀምጠኝ ክንዴን ያዘኝ። አልተቀመጥኩም።

«ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው በየዓመቱ የሚሉት ይህንን ነበር» አልኩ። «ዛሬ እሳቸው የሉም፤ እኔ አልኩት።»

ሰዉ እያጉረመረመ ወደ እህሉ ዞረ። የእህታቸው ልጅ ግን የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች። የተቆጣች መስሎኝ ለመልስ ተዘጋጀሁ።

«አስካለ ማን ናት?» አለችኝ። «አጎቴ ሲያጣጥር ስሟን ይጠራ ነበር፤ ሚስቱ መስላኝ።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ከመምህር ጥላዬ ሌላ ስለ አስካለ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። በርጩማ ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።